ረከቦት ላይ የቆመው ታንክ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስክሪፕት የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ፀጉር አስተካካዬ ስክሪፕት አለው። ኡበር የሚነዳው ጎረቤቴ ሁለት አለው፤ አንዱ ስለ አድዋ፣ አንዱ ስለ ቀድሞ ሚስቱ። ጥርሴን የሚያክመኝ ሰውዬ እንኳ አፌን አስከፍቶ፣ መልስ መስጠት እንደማልችል እያወቀ፣ የፊልሙን መጨረሻ ያማክረኛል። «አንተስ ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉኝ የኔ መልስ ሌላ ነው። ታንክ ነው የምሠራው። የሶቪየት ታንክ፤ ያውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጣውን ብቻ። ቲ-54፣ ቲ-55፣ ቲ-62፣ ውኃ ላይ የምትንሳፈፈዋ ፒቲ-76 ሳትቀር አልጋ ሥር በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝተዋል።

መደንገጥ አያስፈልግም፤ ፕላስቲክ ናቸው። ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያንሳሉ። እውነተኛው ቲ-55 ከአፈሙዙ ጫፍ እስከ ጀርባው 9 ሜትር ነው፤ የኔው 12 ሳንቲሜትር ተኩል። እውነተኛው 36 ቶን ይመዝናል፤ የኔው ቡና ከሞላ ስኒ ይቀልላል። የ100 ሚሊሜትር መድፉ እኔ ዘንድ ሲደርስ አንድ ሚሊሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ከካርቶኑ የሚወጣውም ድፍን ሆኖ ነው። ድፍን መድፍ ማየት ስለማልወድ አፉን በወስፌ እበሳዋለሁ። ወስፌዋን እናቴ ከጎንደር የላከችው ባለቤቴ ሙዳይ እንድትሰፋባት ነበር። እስካሁን ሙዳይ አልተሰፋም፤ መድፍ ግን ብዙ ተበስቷል።

እናቴ ነገሩን የሰማችው በስልክ ነው። ሥራ እንዴት ነው ስትለኝ፣ «ደህና ነው እማዬ፣ ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ ታንክ እየሠራሁ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«በስልክ እንዲህ አይባልም ልጄ» አለችኝ።

«ኧረ ፕላስቲክ ነው እማዬ! መጫወቻ ነገር ነው።»

«እሱ ጥሩ ነው። ማንም ቢጠይቅህ እንደሱ በላቸው።»

በደርግ ዘመን ጎንደር የኖረን ሰው ማሳመን ቀላል አይደለም። አሁንም ስትደውል ስለ ታንኩ በስሙ አትጠይቅም፤ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ነው የምትለው።

አገር ቤት ያሉት ዘመዶቼ ሁሉ የምኖረው ሆሊውድ ነው ይላሉ። የምኖረው ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ነው፤ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወረድ ብሎ፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየማት ከዚያች ቁራጭ መንገድ ጀርባ። ሆሊውድ ከዚያ በስተሰሜን ነው፤ በካርታ ቅርብ ነው፣ ትራፊክ ሲኖር ግን ደብረ ብርሃን በለው። ሆኖም አላርማቸውም። ሠርግ ላይ «ወንድሜ ሆሊውድ ነው» ማለት እና «ወንድሜ ከእንጀራ ቤት ጀርባ ነው» ማለት እኩል አያስከብርም።

ደግሞም በእኔ ሥራ በኩል ከሆሊውድ ጋር ብዙም አንራራቅም። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ከተራራው ወዲያ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ወጣት ሞዴል ሠሪዎች ተሰብስበው የታንክ፣ የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴል በገፍ እየገዙ ይበትኑ ነበር። ታንኩን ሊሠሩት አይደለም። ጎማውን፣ የሞተር ክዳኑን፣ የመሣሪያ ሣጥኑን እየገነጠሉ የጠፈር መርከብ ገላ ላይ ይለጥፉታል። «ስታር ዋርስ» ላይ ያ ማለቂያ የሌለው መርከብ በተመልካቹ አናት ላይ ሲያልፍ፣ ሆዱ ላይ የሚታየው ሁሉ ሚስጥራዊ ቴክኖሎጂ መስሎን አፋችንን ከፍተን አየን። ለኔ ቢጤ ከመጫወቻ ሱቅ የተገዛ የታንክ ዕቃ ነው።

ፊልሙ ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ቻይኒዝ ቲያትር የተከፈተው በሜይ 25 ቀን 1977 ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ፣ እኛ ገና 1969 ላይ ሳለን፣ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሞስኮ ነበሩ። አሜሪካኖቹ አስመራ ከነበረው ቃኘው ጣቢያቸው ከተባረሩ ገና ሳምንታት ነበሩ፤ መንግሥታችን የጦር መሣሪያ አቅራቢ እየቀየረ ነበር። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ ሆሊውድ ታንክ በታትኖ ወደ ጠፈር ሲልክ፣ እኛ ሙሉውን ታንክ ልናስመጣ ተነሣን። የትኛው የተሻለ ገበያ እንደነበር የፊልሙን ገቢ ያየ ሰው ይፍረድ።

በ1984 ደግሞ፣ አሁንም በነሱ አቆጣጠር፣ «ሬድ ዶውን» የሚባለው ፊልም ወጣ፤ ሶቪየቶች አሜሪካን ሲወሩ የሚያሳየው። እውነተኛ ቲ-72 ከየት ይምጣ? ሠሪዎቹ በሌላ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ላይ ቆርቆሮውን እየቀጠሉ አስመሰሉት። በጣም ከመምሰሉ የተነሣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጭነት መኪና ሲሄድ ሁለት የሲአይኤ ሰዎች ተከትለውት እስቱዲዮ ድረስ ገብተው «ይህን ከየት አመጣችሁት?» አሉ ይባላል። እኔ ይህን ስሰማ የሳቅሁት ብቻዬን ነው። በዚያ ዓመት አብዮት አደባባይ የሰልፍ ቀን ማልዶ የተገኘ ሰው የሶቪየትን ብረት በነፃ፣ ያውም በማርሽ ሙዚቃ ታጅቦ ያየው ነበር።

አሁን ስለ ሥራው ላውራ። ሰው ታንክን በመድፉ የሚለይ ይመስለዋል፤ የሚለየው በእግሩ ነው። ቲ-54ም ቲ-55ም ቲ-62ም በየጎናቸው አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ አላቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ካየህ ቲ-54 ወይም ቲ-55 ነው። ክፍተቱ ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው መካከል ከሆነ ቲ-62 ነው። ሁለቱን ታላላቆች እርስ በርስ ለመለየት አናቱን ተመልከት፤ ከጫኙ ክዳን ፊት ለፊት እንጉዳይ የምትመስል የአየር ማስገቢያ ያለችው በቲ-54 ላይ ነው፤ ቲ-55 ላይ የለችም። ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ ወዲያ ዜና በሰላም አያይም። የግንቦት 20 ፊልም በቴሌቪዥን ሲመጣ ቤታችን ያለው እንግዳ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይራገማል፤ እኔ ጎማ እቆጥራለሁ።

ልኬት እንዴት እንደሚወሰን ታውቃላችሁ? በዓለም ላይ አብዛኛው የታንክ ሞዴል በ35 እጥፍ አንሶ ነው የሚሠራው። ይህ ቁጥር ከየትም የሳይንስ መጽሐፍ አልመጣም። የጃፓኑ ታሚያ በ1961 የመጀመሪያውን ባለ ሞተር ታንክ ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ሁለት ባትሪ ድንጋይ መግባት ነበረበት። ድንጋዩ እንዲገባ ተደርጎ ተሠራ፤ በኋላ ሲለካ 35 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉት። የታሚያን ልኬት ባትሪ ድንጋይ ወሰነው፣ የኔን ደግሞ የሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ። አንድ ጠረጴዛ ነው ያለን፤ ይበላበታል፣ ልጅ የቤት ሥራ ይሠራበታል፣ የዕቁብ ሒሳብ ይሰላበታል። በዚያ ላይ የኪየቩ ሚኒአርት የሚያወጣውን፣ የውስጥ ሞተሩና የጥይት መደርደሪያው ሳይቀር ያለበትን ከሺህ ቁርጥራጭ በላይ የሆነ ቲ-54 ብዘረጋበት ከባለቤቴ ጋር ሽማግሌ ፊት ነው የምንገናኘው። በ72 እጥፍ ያነሰው ግን እራት ሲቀርብ በአንድ እጅ ይነሣል።

ስለ ኪየቭ ካነሣሁ አይቀር፤ ሚኒአርት እነዚህን ታንኮች ለሰብሳቢ ሲያመርት የኖረው የሙዚየም ዕቃ ናቸው ብሎ ይመስለኛል። በ2023 ሩሲያ እውነተኞቹን ቲ-54ና ቲ-55 ከመጋዘን አውጥታ በባቡር ጭና ወደ ዩክሬኑ ጦርነት ስትልካቸው ታየች። በዓለም ላይ የዚህን ቤተሰብ ያህል በብዛት የተሠራ ታንክ የለም፤ ጡረታም አያውቅም።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ነው። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ በምላጭ ትቆርጣለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ በወረንጦ ይዘህ ታጣብቃለህ። የሚያስፈራው ወረንጦው ነው። ትንሽ ጠበቅ ካደረግኸው ዕቃው ተፈናጥሮ ይጠፋል፤ ምንጣፍ ውስጥ የገባ የታንክ መብራት ደግሞ ጸሎትም አያስገኘው። አንድ እሁድ የባለቤቴ አክስት ምሳ እየበሉ ሳለ ጥርሳቸው ቀጭ አለ። ከአፋቸው አወጡት፤ አገላበጡት፤ ቀና ብለው ባለቤቴን አዩና «ምስሩን አልለቀምሽውም?» አሏት። የታንክ መብራት መሆኑን ባውቅም በዚያ ሰዓት የሚናገር ወንድ አልነበረም። ባለቤቴ ጠጠር ያለው ምስር አቀረበች ከምትባል ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ታንክ ቢገባ ትመርጣለች። እንግዶቹ ሲወጡ የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከመገጣጠሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው። መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ይቀባል። አዲስ ታንክ ግን ውሸት ይመስላል፤ ስለዚህ አቧራ፣ ጭቃ፣ ዝገት መጨመር አለበት። የልጄን ጠመኔ በምላጭ እየፋቅሁ፣ ቢጫውንና ቡናማውን እየቀላቀልኩ በብሩሽ እነሰንሳለሁ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። የየት አገር አቧራ?

ጥያቄውን ብቻዬን ብይዘው ኖሮ ደግ ነበር። አንድ ቲ-55 ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ቤቱ ውስጥ ካለው ጠፍጣፋ ቦታ ሁሉ ረከቦቱን መርጬ አቆምኩት፤ ያ ቀን ደግሞ እንግዳ የበዛበት ቀን ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ በምሥራቅ ግንባር ታንከኛ የነበሩ፣ አሁን ዊልሸር ቡሌቫርድ ላይ ከአንድ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ዱላቸውን አስደግፈው እንደተቀመጡ ዓይናቸው ረከቦቱ ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቲ-55 ነው ጋሼ።»

«ቲ-55 መሆኑንማ አያለሁ! ከስኒ ጋር ምን ያደርጋል?»

በሁለት ጣት አነሡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ዙሪያውን አዩት፤ ጀርባውን አዩ፤ ሁለቱን የነዳጅ በርሜሎች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ግንዱ የታለ?» አሉኝ። ከኋላው የሚታሰረው ግንድ ማለታቸው ነው። ጭቃ ሲውጥህ ፈትተህ ከፊት በሁለቱ ሰንሰለት ላይ በአግድም ታስረዋለህ፤ ሰንሰለቱ ሲዞር ግንዱን ከሥር ይጎትተዋል፤ ታንኩ በግንዱ ላይ ተንፏቆ ይወጣል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግንድ ፕላስቲክ ነበርና ስላላማረኝ ትቼው ነበር። እሳቸው ቀስ ብለው ከደረት ኪሳቸው መፋቂያቸውን አወጡ፤ ያልታኘከውን ጫፍ አራት ሳንቲሜትር ያህል ሰብረው እጄ ላይ አኖሩልኝ። የወይራ እንጨት፣ ልጡ ሳይቀር። ልኩ ልክክ አለ። ጃፓንም ኪየቭም እንዲህ ያለ ግንድ አያመርቱም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! ጫኙ ከመድፉ በስተቀኝ ነው የሚቆመው፤ ወደ 30 ኪሎ የሚደርሰውን ጥይት በግራ እጁ ነው የሚገፋው፤ «ሩሲያ ቀኝ እጅ ያለው ሰው አይታ አታውቅም» አሉ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው አይገባውም። አፈሙዙ ደግሞ ወደ ታች ከ5 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። «የሜዳ አገር ሰዎች ናቸው የሠሩት። እኛ ጋ አቀበት ላይ ሆነህ ከሥርህ ያለውን ሰው ለመምታት መጀመሪያ ወደ ላይ እንዲወጣልህ መለመን ነው።»

«ሶማሊያም ያው ቲ-55 ነበራት አይደል?» አልኳቸው። ነበራት። ሶቪየት መጀመሪያ እነሱን አስታጠቀች፣ ቀጥላ እኛን። በኦጋዴን በረሃ አንድ ፋብሪካ የወለዳቸው ወንድማማቾች ነበሩ የሚታኮሱት።

«ታዲያ እንዴት ትለዩ ነበር ጋሼ?»

«የሚተኩስብህ የእነሱ ነው።»

ስለ አቧራው ውሳኔያቸው አጭር ነው፤ የጅጅጋ መሆን አለበት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራን አልፈን ስንገባ ታንኩ ቀላ ያለ አቧራ ለብሶ ነበር፤ አረንጓዴው አይታይም አሉ። ብሩሹን አነሣሁ። ገና ጠመኔውን ሳልነካ ከሶፋው ጥግ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ ታንክ በኋላ የኛ ሆኗል።»

ተናጋሪው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሰሜን አዲስ አበባ ከገቡት አንዱ ናቸው። ያኔ ከገቡበት ታንክ አብዛኛው ከደርግ የተማረከ እንደነበር ማንም አይክድም፤ ጋሼም አልካዱም፤ «እኛ ነን ያስተማርነው መንገዱን» አሉ እንጂ። አጠገባቸው ያለች ከአስመራ የመጣች ጎረቤታችን ደግሞ ምፅዋ አደባባይ ላይ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ እንደቆሙ አስታወሰችን፤ አቧራ ከሆነ የባሕር ዳርቻ ጨውና ዝገት ነው አለች። አንዲት 12 ሳንቲሜትር ፕላስቲክ ሦስት ባለቤት ተገኘላት። እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ልክ ነበሩ። የኛ ታንክ እጅ መቀያየር ይችልበታል፤ ሰው ነው መቀያየሩን የማይረሳው።

ይህ ሁሉ በቡና ይበርድ ነበር፤ አንዱ ወጣት «ለምን ባንዲራ አትለጥፍበትም?» ባይል። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ተለጣፊ ምልክት የሶቪየት፣ የፖላንድ፣ የግብፅ፣ የኢራቅ ነው፤ የኢትዮጵያ የለም፤ በእጅ መሳል ነው። የትኛውን? በ1970 ከሆነ ልሙጡን። በ1980 ሪፐብሊኩ ሲታወጅ አርማ ገብቶበታል። ከዚያ ኮከቡ መጣ። ፌርፋክስ ላይ ባንዲራ ተነሥቶ አቦል ከበረካ ደርሶ አያውቅም። አንዱ ተነሣ፣ አንዷ ተቀመጥ አለችው፣ ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ መሃል ቆመች። «አሁን ይህን ታንክ አንሡልኝና ስኒ ልደርድር!» አለች። አነሣሁት። ሞዴል ሠሪ ሲጨንቀው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ባንዲራው ሊሳልበት የሚችለውን ቦታ ሁሉ በወፍራሙ ጭቃ ቀባሁት። ጭቃው የየት እንደሆነ አልተናገርኩም።

ሲሸኙ ጋሼ በር ላይ ቆም አሉ። ለእሳቸውም አንድ እንድሠራላቸው ፈለጉ፤ የጫኙ ክዳን ክፍት ሆኖ።

«ስንት ትለዋለህ?»

«ኧረ ምን ገንዘብ አለው ጋሼ፣ በነፃ ነው።»

«በነፃ ታንክ አልወስድም። የበፊቱ ዕዳ በቁሜ ሲቆጠር አይቻለሁ» አሉ። እውነት አላቸው፤ ያ ብረት በዱቤ የመጣ ነበር፤ ሩሲያ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠረውን ዕዳ የሰረዘችው ታንኮቹ በየመንገዱ ዳር ዝገው ካበቁ በኋላ ነው። ተከራከርን። በመጨረሻ በዓይነት ተስማማን፤ እኔ ቲ-55 ከነግንዱ፣ ባንዲራ የሌለው፣ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ባዶ ከሚውለው ቦታቸው ለመኪናችን ማቆሚያ፣ እስከ ገና ድረስ። በዚህ ከተማ ፓርኪንግ የሰጠህ ሰው ደም ሰጥቶሃል።

ባለቤቴ ይህን እንደሰማች ጠረጴዛውን ራሷ አጸዳችልኝ። መብራቱንም አስጠጋችልኝ። ወረንጦውን ፈልጋ ካቀበለችኝ በኋላ ትንሽ አሰበችና፣

«ጋሼ ታንከኛ ጓደኛ የላቸውም?» አለችኝ። «ዌስትውድ አካባቢ ፓርኪንግ የሚሠራ?»